ያላልኩት እሺ

ለውዷ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሳልሽ ተወሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የዓይን ጠብታውን እንደታዘዝሽው ታደርጊያለሽ ወይስ "ያቃጥለኛል" እያልሽ ጠርሙሱን መስኮቱ ጥግ አስቀምጠሽዋል? ጎረቤቶቻችንስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬስ መዋሸቱን አልቻልኩበትም። ደህና አይደለሁም እማዬ። የተኛሁት እንቅልፍ አይሆነኝም፣ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ እደነግጣለሁ።

የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። የእህቴ የጩጬም ስልክ ዝግ ነው። ከዚያ ሰፈር የሚያናግረኝ ሰው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ሰው እንዳይሰማት የስፌት መኪናዋን እያስጮኸች ነው። ይህን ወረቀት ዛሬ ለአውቶቡሱ ረዳት እሰጠዋለሁ፤ ነገ ዓርብ እሷ ከመናኸሪያ ተቀብላ ታመጣልሻለች። የምታነብልሽ እንግዲህ እንደ ወትሮው ጩጬ ናት። ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ የእኔ ደብዳቤ ሁሉ በትንሿ ልጅሽ ድምፅ ነው ወደ ጆሮሽ የሚገባው። ጩጬ ደግሞ ስታነብ መዝለል ልማዷ ነው። የሚያስቆጣሽንም፣ የሚያስለቅስሽንም፣ እኔ ሰው የሰደብኩበትንም ትዘልና ሰላምታውንና ምርቃቱን ታነብልሻለች። አንድ ጊዜ እኮ ገጽ ሙሉ ምሬት ጽፌልሽ፣ አንቺ "ልጄ ተመችቷታል" እያልሽ ለሰፈሩ ስታወሪ ከረምሽ። ጩጬዬ፣ ዛሬ አደራ፤ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት። ስለ አንቺ የተጻፈውንም።

ነገሩን አላዞረውም። እሑድ የጩጬ ባል ከነዘመዶቹ መጥቶ ሊወስዳት ነው አሉኝ። አንቺም "ኑና ውሰዷት" ብለሻቸዋል። እማዬ፣ ልጅቷ እኮ ከዱላው ወዲህ አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ያን ቤት ጥላ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወደ አንቺ የመጣችው ገና በቅርቡ ነው። ክሱ ተመዝግቧል፣ የሐኪሙ ወረቀት ገብቷል፣ ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው። እሑድ ከሄደች ማክሰኞ የሚባል ነገር የለም። እሑድ ከሄደች የቀረው ጆሮዋም የሚተርፍላት አይመስለኝም። ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደግሞ ልጅቷን እሺ ያሰኛት የእኔ ፊት መሆኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን አትቆጪኝ።

የምሠራበትን የቴሌቪዥን ድራማ አንቺ የምትሰሚው እንጂ የምታዪው ስላልሆነ ምናልባት ትልቅ ሰው እመስልሽ ይሆናል። አይደለሁም። ታሪኩ የሁለት ወንዶች ነው፤ በአንድ ወንበር ሲናከሱ ይኸው ስንት ዓመት። የቀረነው አጃቢ ነን። እኔ የምክር ቤት አባሏ ነኝ፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባል እንደ ማንኛውም ደብዳቢ ይጠየቅ የሚል ሕግ ካልወጣ ብላ ሁለቱንም ወንዶች እኩል እንቅልፍ የምትነሳቸው፣ "ክብርት" የሚሏት። የገዛ ባሏን፣ ምክትል ሚኒስትሩን፣ ፍርድ ቤት ያቆመችው። ሲጀመር ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበር የቀጠሩኝ። ደራሲው መሳቂያ አድርጎ ነበር የጻፋት፤ መነጽሯ የሚንሸራተት፣ በረባ ባልረባው የምትጮህ ሴትዮ። ጩኸቱን ያስቀነስኩት እኔ ነኝ። ቀስ ብላ ብትናገር ይበልጥ ትፈራለች አልኳቸው፤ እንዳልኩትም ሆነ። ሴቶች ወደዷት። መንገድ ላይ አስቁመውኝ "ክብርት፣ እኔም ከሰስኩት" ይሉኛል። አንዲት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ያን ሁሉ ወረፋ አስቁማ በመስኮቷ ቀዳዳ እጄን ስባ ስማኛለች፤ ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ሊበሉኝ ደረሱ።

ጩጬም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች። ሐኪም ቤት ሆና ስትደውልልኝ ያለችኝን ታውቂያለሽ? "እቴቴ፣ ክብርት ከቻለች እኔ ምን አቃተኝ" ነው ያለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ክብርት እኮ አንድ ሰውዬ በፒጃማ ቁጭ ብሎ የሚጽፋት ሴት ናት ልላት አሰብኩና ተውኩት። ምን አገባኝ? የሚያቆማት ነገር ካገኘች በማንም ይጻፍ አልኩ።

ዘንድሮ ምርጫ ደረሰ፤ በድራማው ውስጥ ማለቴ ነው። ዋናው ሰውዬ እንዲያሸንፍ ፓርቲው አንድ ሆኖ መታየት አለበት፤ ፓርቲው አንድ ሆኖ እንዲታይ ደግሞ ክብርት ከባሏ መታረቅ አለባት። ፕሮዲዩሰሩ ቢሮው ጠርቶ ነገረኝ። ባልየው መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷ ክሷን ታነሳለች፣ ይጨበጨባል። ይህን አልሠራም አልኩት። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ እንዲህ አታደርግም አልኩት። ሳቀና "ሴትዮዋ እኮ የለችም" አለኝ። የሚያዩዋት ሴቶች ግን አሉ አልኩት። እህቴ አለች አልኩት። ደሜ ፈልቶ ጠረጴዛውን ስመታው ብርጭቆው ተገልብጦ ሻዩ ወረቀቶቹ ላይ ፈሰሰ። የሚገርመው አልተቆጣም። "ግድ የለም፣ ደክሞሻል፣ ትንሽ እረፊ፤ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን" ብሎ በሩ ድረስ ሸኘኝ። እኔ ጅሏ አሸነፍኩ ብዬ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

አሁን የሥራችንን አንድ ነገር ላስረዳሽ። የቀኑ ቀረጻ ሲያልቅ፣ መብራቶቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ካሜራማኑ እያንዳንዳችንን ለብቻችን ያስቀምጥና "መጠባበቂያ!" ይላል። ሌላው ሲያወራ እኛ ስንሰማ የሚያሳይ ፊት ማለት ነው፤ ሲገጣጠም የጎደለ ነገር ካለ መሙያ። ወደ ግራ ተመልከቺ፣ ወደ ቀኝ ተመልከቺ፣ አቀርቅሪ፣ ራስሽን በእሺታ ነቅንቂ፣ እንባ ከመጣልሽም አምጪው። ቃል የለውም። ለማን እሺ እንደምትይ አይነገርሽም። የክብርት ልብስ ሁልጊዜ ያው ግራጫ ኮት ነው፤ ከኋላ ጥቁር መጋረጃ ይዘረጋል፤ ስለዚህ የትም ቢሰካ ይሄዳል። ሁላችንም ደክሞን፣ ጫማችንን ጠረጴዛው ሥር አውልቀን፣ ስለ ትራንስፖርት እያሰብን ነው የምንሠራው። ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ነቅንቄያለሁ እማዬ፤ አንድ ቀን ይሄ የት ይገባል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ማናችንም አንጠይቅም።

ያን የእርቅ ክፍል የሠሩት ከእነዚህ መጠባበቂያ ፊቶቼ ነው። እኔ ቤቴ ልብስ እያጣጠፍኩ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ባልየው መድረክ ላይ ቆሞ ይለምናል፤ እኔ አቀረቀርኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ጋዜጠኛ "ክሱስ?" ብሎ ጮኸ፤ እኔ እንደገና ነቀነቅሁ፣ እንባዬ ወረደ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ትንፍሽ አላልኩም እኮ! ብድግ ብዬ "እኔ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩ፤ ለማን እንደምጮህ እንጃ። የጎረቤቴ ልጅ በግድግዳው በኩል ሲያጨበጭብ ይሰማኛል። እንባው የመቼ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ የመንጋጋ ጥርሴ ያመመኝ ቀን ነው። የመጀመሪያው እሺታ፣ ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ከካሜራው ጀርባ ሆና ሻይ ላምጣልሽ ወይ ብላ በምልክት ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ነው። ሰዉ ደግሞ በማግስቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? እንደዚህ ዓይነት ትወና አይተን አናውቅም አለ።

ሁለተኛውን እሺታ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ እማዬ። ዳይሬክተሩ ያን ቀን፣ የማታምንበትን ነገር ለሰላም ስትል እንደምትቀበል ሴት አድርጊው አለኝ። ሳላስብ መጣልኝ። አገጭ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያጥራል፣ ከዚያ ዓይን ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ እጅ እዚያ የሌለ ፍርፋሪ ይጠርጋል። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ ከየት አመጣሽው አለኝ። ከቤት አልኩት። ነፍሱን ይማረውና፣ አባዬ እንግዳ ሲመጣ ስለ ቤታችን ሰላም አውርቶ አውርቶ "አይደለም እንዴ?" ብሎ ወደ አንቺ ሲዞር የምታደርጊው ነው። ዳይሬክተሩ ሲያደንቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ጩጬ ወዲያው አወቀችው። ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት እናንተ ጋ ነበረች፣ የነገረችኝ እሷ ናት። የድራማው ባል ለምኖ ሲጨርስ አንቺ የጩጬን ክንድ እየጎተትሽ "ምን አለች? ምን አለች?" ትያት ነበር አሉ፤ የእኔን ድምፅ አልሰማሽማ። ጩጬ "እሺ አለች እማዬ" አለችሽ። አንቺ ተመስገን አልሽ። "አየሽ፣ እህትሽ እንኳ ይቅር አለች፤ አንቺ ማን ሆነሽ ነው?" አልሻት። ጩጬም "ልክ እንደ አንቺ ነው የነቀነቀችው" አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ክሱ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ጓዳ ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትነግረኝ የስፌት መኪናዋን ረስታ አቁማው ነበር።

አንቺ ደግሞ ደስ ብሎሽ ደወልሽልኝ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ፣ ኮራሁብሽ" አልሽኝ። ይህችን ቃል ዕድሜ ልኬን ነው የጠበቅኳት እማዬ፣ መጥታ መጥታ በዚህ መጣች። ጮህኩብሽ። ያልኩሽን እዚህ አልደግመውም፤ ጩጬ በገዛ አፏ እንድታነበው አልፈልግም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው፣ ደግ አደረግሽ። ስለ ጩኸቴ ይቅር በይኝ። ስለ ነገሩ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ነገሩ ልክ ነበር።

ከዚያ ራሴ መጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አብዳለች ብለው ወንበር ቀየሩ። ገና የሰፈራችን መግቢያ ላይ ሰው ከበበኝ። "ክብርት! ክብርት!" ሴቶቹ እያቀፉ ይስሙኛል፣ "እንኳን ታረቅሽ" ይሉኛል። የዳቦ ቤቷ ባለቤት "አንጀቴን ነው የበላሽው፣ ትዳር ማለት እንዲህ ነው" አለችኝ። ኧረ አልታረቅሁም፣ ባልም የለኝም ስላቸው እንደ ቀልድ ቆጥረው ይስቃሉ። ግቢያችን ስገባ የጨዋው ወንድም በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል። ጨዋው! የጩጬን ባል እንደዚያ ብለሽ የሰየምሽው አንቺ ነሽ፤ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅማ። ወንድሙ ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልኝና "ክብርት፣ ይኸው እኛም የእርስዎን ፈለግ ተከትለን መጣን" አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እኔ! አፍ አላት የምትሉኝ! ስንት ዓመት ሚኒስትር ሳስጨንቅ የኖርኩት ሰው በጻፈልኝ ቃል ነበር ለካ፤ የሚጽፍልኝ ሲጠፋ በረንዳው ላይ እንደ እንጨት ደረቅሁ።

ጩጬ ከመስኮቱ ጀርባ ነበረች። ጥላዋን አይቻለሁ። አልወጣችም። የወጣሽው አንቺ ነሽ። ክንዴን ይዘሽ፣ እዚህ የተጣመመ ነገር እያቃናን ነው፣ አንቺ በመጣሽ ቁጥር ሰፈር ይሰበሰባል፣ ቲያትርሽን ይዘሽ ሂጂልኝ አልሽኝ። ልክ ነሽ፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ ያነሱኝ ነበር። እኔ እዚያ በቆምኩ ቁጥር ለእነሱ ምስክር እየሆንኩላቸው ነበር። እየተደነቃቀፍኩ ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ። ዛሬም እግሬ አልመጣ ያለው ስለዚህ ነው እንጂ አንቺን ፈርቼ አይደለም።

ሥራውን ለቀቅሁ። ግራጫውን ኮት ፕሮዲዩሰሩ ወንበር ላይ አልብሼው ወጣሁ። ክብርትን አሁን አምባሳደር አድርገው ውጭ አገር ሊልኳት ነው አሉ፤ ከባሏ ጋር። አንድ ጋዜጠኛ ዘንድ ሄጄ ያን ነገር እኔ አልሠራሁትም፣ በሉ ጻፉልኝ አልኩት። ሰውየው ቸር ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ። "ታዲያ ማን ሠራው?" አለኝ። እኔ እንጃ እማዬ። ፊቱ የእኔ ነው፣ እንባው የእኔ ነው፣ እሺታው ደግሞ ያንቺ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አሁን የቀረኝን ልናገር። ጨዋው ለፖሊስ በሰጠው ቃል በር ነው የመታት ብሏል። ነፋስ የገፋው የጓዳ በር። ጩጬም ማክሰኞ ከፍርድ ቤት እንድትቀር፣ የሚጠይቃት ሰው ከተገኘም "በር ነው" እንድትል ነው እሑድ የሚመክሯት። በር። ጩጬ ያኔ አልተወለደችም፤ እኔ ግን የግራ ዓይንሽ በነጭ ጨርቅ ታስሮ የከረመበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሰው ሲጠይቅሽ የቁም ሳጥኑ በር ነው ትይ ነበር። ትምህርት ቤት እኔን ሲጠይቁኝም እንደዚያው እል ነበር። ደጋግሜ ከማለቴ የተነሳ በሩ ሲወዛወዝ ያየሁት ሁሉ ይመስለኛል። ሰሞኑን ያ ቁም ሳጥን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ድብብቆሽ ስንጫወት እሱ ውስጥ ነበር የምደበቀው። የአባዬ ኮቶች ይሸቱኛል፣ ከታች የጫማ ካርቶኖች አሉ፣ ከፊት አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ጫፉ ተተልትሎ አንቺ በነጭ ክር የጠቀምሽው። እጄን ሰድጄ ገለጥ አደርግና ማን እንደሚፈልገኝ አያለሁ። በር ሳይሆን መጋረጃ ነበር እማዬ። ከዚህ በላይ አልጨምርም። ጩጬዬ፣ እዚህ ጋ ቀና ብለሽ አትያት፤ ማንበብሽን ቀጥዪ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እሑድ ሲመጡ ጩጬን አይጠይቋትም። የጨዋው አጎት ብዙ ያወራል፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሰው አፍ። ጨዋው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉም ወደ አንቺ ይዞሩና "አይደለም እንዴ፣ እናታችን?" ይሉሻል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ላይ ነው። እምቢ በያቸው አልልሽም። ዕድሜሽን ሙሉ ያልወጣሽን ቃል በአንድ እሑድ አውጪ ብልሽ ግፍ ነው፤ እኔስ ከአፌ ወጥቶልኝ ነበር እንዴ? ዝም በያቸው ብቻ። አገጭሽን አታንቀሳቅሺው። እጅሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሺና ጭንሽ ላይ አድርጊው። ይጠብቁሽ። ሻዩ ይቀዝቅዝ። እርስ በርስ ይተያዩ። አጎትየው አልሰማሽም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገመው፤ አሁንም ዝም በዪ። ጩጬ ይህን ካየች ሌላ ምክር አያስፈልጋትም። እኔ በቴሌቪዥን የነሳኋትን አንቺ እዚያው ሳሎን ውስጥ ትመልሽላታለሽ።

ጩጬዬ፣ የእኔ ቤት ጠባብ ነው፤ አልጋው ግን ለሁለት ይበቃል። ስታንኮራፊ በክርኔ እነካሻለሁ እንጂ አላባርርሽም። ማክሰኞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ያለ ሜካፕ፣ ፀጉሬን በሻርፕ አስሬ፣ ማንም እንዳያውቀኝ። የምናገረው የለኝም። በማይሰማው ጆሮሽ በኩል እቆማለሁ፤ ከዚያ በኩል ሰው ከመጣ ክንድሽን እይዝሻለሁ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልመርቅሽ ስል ልብስ ሰፊዋ ደወለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም። በራችሁ ላይ መኪና ቆሟል አለችኝ። እሑድ አይደለም እንዴ የተባለው ብላት እኔም እንደዚያ ነበር የሰማሁት አለች። አጎትየውን አይታዋለች፤ ሻንጣ የያዘ ሰውም አይታለች፤ ሻንጣው ወደ ውስጥ ይገባ ወደ ውጭ ይወጣ ግን ሰው ከልሏት አልለየችም። ሄጄ ልይና እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋች። እስካሁን አልደወለችም። እኔ ስደውል አይነሳም። ያንቺ አይነሳም፣ የጩጬ ዝግ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፣ ረዳቱ ደጋግሞ እየተጣራ ነው። ልቅደደው ይሆን አልኩ። አልቀደውም፣ እልከዋለሁ፤ ምን ሌላ አለኝ?

እማዬ፣ ነገ ይህን የሚያነብልሽ ድምፅ የማን እንደሚሆን አላውቅም። የጩጬ ከሆነ አንብባ ስትጨርስ እጇን ያዥልኝ፣ እሑድም እንዳልኩሽ አድርጊልኝ። የልብስ ሰፊዋ ከሆነ ግን ንባቡን እዚህ ላይ አስቁሚያት። ሌላ ቀን ትጨርስልሻለች። ጫማሽን አድርጊ፤ እሷ ክንድሽን ይዛ ወደ ጨዋው ቤት ትመራሻለች፤ ጨዋው ሲከፍትልሽ ሰላም አትበዪው፣ ልጄን ጥራልኝ በዪው።

ፈጣሪ ጉልበቱን ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ክፉ አይንካሽ።

ትልቋ ልጅሽ